ለጥላሁን 7 የሰጠ መምህር

(ባለፈው ቅዳሜ ማታ በአንድ የሙዚቃ ወዳጆች ምሽት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከቀረጻው ገልብጬ አቀረብኩት። የቀነስኩት «እእእ» የሚለውን ብቻ ነው።)

እንደምን አመሻችሁ?

አይ፣ ይሄ ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ነው የሚመስለው። እስቲ እንደገና። እንደምን አመሻችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ደህና።

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ በዚህ ዝናብ ታክሲ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ልጆች እዚህ ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ቁጭ በሉ። ማይኩ ይጮኻል መሰለኝ፣ ትንሽ ላርቀው።

ራሴን ላስተዋውቅ። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ። 19 ዓመት አስተምሬያለሁ። ሙዚቀኛ አይደለሁም። ክራር እንኳ መቃኘት አልችልም። እኔ የማውቀው ማርክ መስጠት ነው። ዛሬ የጠራችሁኝም ለዚሁ ነው። ካለፈው መስከረም እስከ ሰኔ ድረስ «ኢትዮፒክስ» የሚባሉትን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ዲስኮች፣ ከአንድ እስከ ሠላሳ፣ በተራ ሰማሁ። ለእያንዳንዱም ከ10 ነጥብ ሰጠሁ። ደብተሩ ይኸውላችሁ። ተራ የተማሪ ደብተር ነው። ነጥቡ ግን በቀይ እስክሪብቶ ነው።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ እነዚህ ዲስኮች ከየት መጡ። ሁለተኛ፣ ማን ስንት አገኘ። ሦስተኛ፣ ከዝርዝሩ ጋር በምን ተጣላሁ። በመሃል ወደ ሌላ ወሬ ከገባሁ ታገሱኝ። ተማሪዎቼም ይታገሱኛል፤ ምን አማራጭ አላቸው?

ከዚያ በፊት ግን፣ ለምን ጀመርኩት? ከሐፍረት የተነሳ ነው።

የመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ እየጠጣን ነው። ወሬው ወደ ሙዚቃ ዞረ። እኔ ደሜ ሞቀና «የዛሬ ዘፈን ደግሞ ዘፈን ነው? ኢትዮፒክስን የመሰለ ሀብት እያለን! ፈረንጅ ያበደለት!» እያልኩ ሰበክሁ። አንድ ወጣት የስፖርት መምህር አለ። ሳንቡሳውን እየበላ ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየ። ከዚያ «ጋሼ፣ ስንቱን ሰምተዋቸዋል?» አለኝ። «ስንት ናቸው እንዴ?» አልኩት። «ሠላሳ።»

ስንት ሰምቼ ነበር መሰላችሁ? ሁለት። ሁለቱንም ታክሲ ውስጥ።

እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። በአፋችን ስንቱን አድንቀናል? በጆሯችን ስንቱን ሰምተናል? እኛ አገር አንጋፋ ድምፃዊ ሲጠራ ብድግ ብለን እናጨበጭባለን። ማጨብጨቡ ጥሩ ነው። ግን የትኛው ዘፈኑ ይበልጣል? ለምን ይበልጣል? የቱ ላይ ደከመ? እዚህ ስንደርስ ዝም እንላለን። ነውር ይመስለናል። እኔ ደግሞ የአንድን ተማሪ ወረቀት ሳላነብ «ጎበዝ» ብዬ ብመልስለት አክብሬዋለሁ? አላከበርኩትም። አላየሁትም ማለት ነው። ዛሬ ማታ ይህችን ብቻ ያዙልኝ፤ ማርክ መስጠት ድፍረት አይደለም። ወረቀቱን አንብቤዋለሁ ማለት ነው።

እሺ፣ አንደኛው ነጥብ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፤ ዲስኮቹ ላይ የተጻፈው እንደዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ሌላ ሰው አይችልም። ሃያ ዓመት እንደዚያ ቆየ። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት፣ ሕጉን እያወቀ፣ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀረጸና ሸክላውን ህንድ አገር አሳትሞ መጣ። በቃ፣ በሩ ተከፈተ። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ ብቻውን ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላ አወጣ። ዓሊ አብደላ ካይፋ፣ በሰፈር ስሙ ዓሊ ታንጎ፣ ተከተለ። ፊሊፕስም ገባ። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ወደ 500 የሚጠጉ ነጠላ ሸክላዎች ወጡ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። ሰዓት እላፊ ባለበት ከተማ የሌሊት ክበብ ምን ይሠራል? አምሃ በ1975 አገር ለቆ ወጣ። ሸክላው ቀርቶ ካሴት ነገሠ።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ በ1984 የማህሙድ አህመድን ሸክላ ሰማ። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ዕረፍት ያገኘ አይመስለኝም። አዲስ አበባ መጣ፤ ሸክላ ለቀመ፤ ባለመብቶቹን ፈለገ። በ1986 የማህሙድን ሥራ ቤልጂየም ውስጥ አሳተመ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የኢትዮፒክስን ተከታታይ ዲስኮች ማውጣት ጀመረ። አሳታሚው የፓሪስ ድርጅት ነው። ስሙ ማን ይባላል መሰላችሁ? ቡዳ ሙዚክ። አዎ፣ ቡዳ! ሳቁ፣ ሳቁ። አንድ ጓደኛዬ «ሙዚቃችንን ቡዳ በላው የተባለው እውነት ነው ማለት ነው» ብሏል። እኔ እንኳ በተቃራኒው ነው የማየው። ይሄኛው ቡዳ የተበላውን ነው የመለሰው።

ሁለተኛው ነጥብ። ማርኩ።

ደንብ አወጣሁ። ያለ ደንብ ፈተና የለም። እያንዳንዱን ዲስክ ሁለት ጊዜ እሰማለሁ። አንዴ በጆሮ ማዳመጫ፣ ብቻዬን፣ ማታ። አንዴ ደግሞ ሳሎን በስፒከር፣ ቤተሰቡ ባለበት። ነጥብ የምጽፈው ከሁለተኛው በኋላ ነው። የጻፍኩትን አልሰርዝም። ሐሳቤን ከቀየርኩ ጎኑ ላይ ቀን ጽፌ ሌላ ነጥብ አስቀምጣለሁ። በወር ሦስት ዲስክ፣ በአሥር ወር ሠላሳ። የሞባይል ዳታዬን የበላው ነገር ለብቻው ይቆጠር። ባለቤቴ ቆጥራዋለች።

ከመጀመሪያው ልነሳ። አንደኛው ዲስክ፣ 9። የተለያዩ ድምፃውያን ስብስብ ነው። ሙሉቀን መለሰ አለበት፣ ተሾመ ምትኩ አለበት። የተሾመን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ስሰማ ከድምፁ በስተኋላ ያሉትን የትንፋሽ መሣሪያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ለየብቻ ሰማኋቸው። ዘፈኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን ምኑን ነበር የማውቀው? ግጥሙን። ከሥሩ ያለውን ሰው ሁሉ አላውቀውም ነበር። ሰላምታ ሳልሰጣቸው ሠላሳ ዓመት አለፍኳቸው።

ሁለተኛውና አሥራ ስምንተኛው የአዝማሪ ቤት ዲስኮች ናቸው። ለሁለቱም 6። ለምን እንዳነሰ ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ካዛንቺስ አንድ አዝማሪ ቤት ገባሁ። አንዱ ጓደኛዬ ሥራዬን ለአዝማሪው ሹክ አለው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ፊቴ ቆመ፤ መላጣዬን አየ፤ ከዚያ እንዲህ አለ፤

ሒሳብ አስተማሪ ደምሮ ደምሮ፣
ፀጉሩን ቀንሶታል ሳያውቀው ዘንድሮ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከኪሴ ብር አወጣሁ፤ ምን ላድርግ? እንግዲህ አዝማሪ ማለት ይሄ ነው። አንተን አይቶ ነው የሚገጥመው። ዲስክ ግን አያየኝም። ዲስክ አይሰድበኝም። ድምፁ ቆንጆ ነው፣ ማሲንቆው ቆንጆ ነው፤ ግን እኔ እዚያ ቤት ውስጥ የለሁም። ስለዚህ 6።

አራተኛው የሙላቱ አስታጥቄ ነው። 9። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የሚባለው አሜሪካዊ ዳይሬክተር ፊልሙ ውስጥ ካስገባው ወዲህ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ይሄንኑ ሙዚቃ ነው። ጅማ ተወልዶ፣ እንግሊዝ ተምሮ፣ ቦስተን ገብቶ፣ ቫይብራፎን የሚባል በዘንግ የሚመታ መሣሪያ ይዞ የተመለሰ ሰው። ይሄን ዲስክ ለማድመጥ አንድ ችግር ነበረብኝ። በየካፌው ስለሚከፈት ጆሮዬ ማኪያቶ ይሸተዋል። የምሬን ነው። ስለዚህ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቼ፣ መብራት አጥፍቼ ሰማሁት። ያኔ ካፌው ጠፋ። ሙዚቃው ብቻውን ቀረ። ጨለማ ውስጥ የሚሄድ ሰው እርምጃ ይመስላል።

ወደ ጋሽ ማህሙድ እንምጣ። ጋሽ ማህሙድ ብቻቸውን አራት ዲስክ አላቸው። ስድስተኛው፣ ሰባተኛው፣ አሥራ ዘጠነኛውና ሃያ ስድስተኛው። መርካቶ ተወልደው፣ ጫማ ጠርገው፣ አሪዞና የሚባል ክበብ ውስጥ ተላላኪ ሆነው ሲሠሩ አንድ ማታ ዘፋኝ ቀረና መድረክ ላይ የወጡ ሰው ናቸው። ሰባተኛው ዲስክ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተሠራው የ1975ቱ ነው። 10። ሙሉ አሥር። የጆቫኒ ሪኮን ባስ ጊታር ስሙልኝ። ባሱ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይደክመውም፤ ጋሽ ማህሙድ ደግሞ በላዩ ላይ ድምፃቸውን እንደ ጋቢ ይጥሉታል። ለስድስተኛውና ለአሥራ ዘጠነኛው 8።

ሃያ ስድስተኛው፣ 7። አዎ። ለጋሽ ማህሙድ 7። ምንም አልሆንኩም፣ በሰላም አደርኩ። ዲስኩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን አራተኛው ላይ ስደርስ ሦስቱን አውቃቸዋለሁ። አዲስ ነገር ካልነገረኝ፣ የአንድ ጎበዝ ተማሪ አራተኛ ፈተና ነው። ጎበዝ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዛሬስ ምን ይዘህ መጣህ?

አሁን ወደ ጭቅጭቁ። ጥላሁን ገሠሠ፣ አሥራ ሰባተኛው ዲስክ። እሑድ ከሰዓት ነው፣ ቡና ተፈልቷል፣ እናቴ ሳሎን አለች። ዲስኩን ከፈትኩት። እናቴ ገና መግቢያው ላይ «አሥር» አለች። «እማዬ፣ ገና አልዘፈነም እኮ!» አልኳት። «ቢሆንም አሥር።» ሰምተን ጨረስን። በቀይ እስክሪብቶ 7 ጻፍኩ። አየችኝ። «ስንት ጻፍክ?» «ሰባት።» ስኒውን አስቀመጠች። «ጥላሁንን ሰባት? ለመሆኑ ላንተ ማን ስንት ሰጠህ?»

ሦስተኛውን ስኒ አልቀዳችልኝም። በረካው አለፈኝ።

ግን አድምጡኝ። እናንተም እንደ እናቴ እያያችሁኝ ነው። 7 የሰጠሁት ለጥላሁን ነው? አይደለም። ለዲስኩ ነው። ጥላሁን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ግማሽ ምዕተ ዓመት የዘፈነ ሰው ነው። ክቡር ዘበኛ አለ፣ የሬዲዮ ቅጂዎች አሉ፣ የካሴት ዘመን አለ። ይሄ ዲስክ ከዚያ ሁሉ የአንድ አጭር ጊዜ ሸክላዎችን ነው የያዘው። በአንድ ጣሳ ዓባይን ቀድታችሁ «ይሄው ዓባይ» ብትሉኝ፣ ለውኃው አይደለም ማርክ የምቀንሰው። ለጣሳው ነው። ይሄን ለእናቴ አስረድቻለሁ። አልተቀበለችኝም። ጉዳዩ እስከ ዛሬ ይግባኝ ላይ ነው።

ወደ አሥረኛው ልመለስ። ርዕሱ ትዝታ ነው። 10። እዚህ ላይ ወረቀቴን ልተወው።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ኤንትሬ ነበር የሚነዳው፤ አዲስ አበባ ደሴ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አንዳንዴ ይዞኝ ይሄዳል። ሥራዬ ካሴት መጠቅለል ነበር። ቴፑ ካሴት ሲበላ አወጣና በቢክ እስክሪብቶ እያዞርኩ እጠቀልላለሁ። ልጆች፣ ይሄን አታውቁትም። ጌታቸው ካሳ ትዝታን በቀስታም በፍጥነትም ዘፍኖታል። አባቴ ሁለቱን ለመንገዱ አከፋፍሏቸው ነበር። ጣርማ በርን ስንወጣ፣ መኪናው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ ቀስታውን። ዳገቱ አልቆ ቁልቁል ስንለቀው ፈጣኑን። አንድ ቀን አሳስቼ ዳገቱ ላይ ፈጣኑን ከፈትኩበት። ሬዲዬተሩን የማቃጥለው እኔ ይመስል «መኪናዬን ልትገድለው ነው?» ብሎ ጮኸብኝ።

ያን ዲስክ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማ የሞተሩ ድምፅ ነው የጎደለኝ። ለአባቴ ብዬ አይደለም አሥር የሰጠሁት። ይሄን ራሴን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። አንድ ቅኝት ነው፤ ግን ሰው ሁሉ የየራሱን ይዞበት ይመጣል። አንድ እኩልታ፣ ብዙ መልስ። እንደዚህ ያለ ነገር እኔ ክፍል ውስጥ ቢገኝ ጠመኔዬን አስቀምጬ አጨበጭባለሁ።

አሥራ አንደኛው ዓለሙ አጋ ናቸው። በገና። ጊዜው ጾም ነበር፣ ዓርብ ማታ። ሳሎን ከፈትኩት። ያ ንብ የመሰለው የአውታሩ እርግብግቢት ሲጀምር ልጆቹ ስልካቸውን አስቀመጡ፤ እኔ አላዘዝኳቸውም። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ሲያልቅ ማንም አልተናገረም። ደብተሬን ሳወጣ እናቴ እጄን አየች። «እሱንም ልታርመው ነው?» አለችኝ። በቁጣ አይደለም፣ በእርጋታ። እስክሪብቶውን ከደንኩት። ደብተሬ ላይ በአሥራ አንደኛው ትይዩ አንዲት አግድም መስመር አለች። ነጥብ የለም። ማርክ መስጠት ማንበብ ነው ብያለሁ፤ ግን የጸሎት ወረቀት አይታረምም።

አሥራ ሁለተኛው የኮንሶ ሙዚቃ ነው። እዚህ ጋ አፍራለሁ። 4 ሰጠሁት። ከሠላሳው ዝቅተኛው ነው። አልገባኝም። ቋንቋውን አላውቅም፤ መቼ እንደሚዘፈን፣ ለምን እንደሚዘፈን አላውቅም። ሁለተኛውን ዙር ደግሞ ደንቤን ጥሼ፣ ዕቃ እያጠብኩ ነው የሰማሁት። ከወር በኋላ ደብተሩን ስገልጥ ያቺ 4 አፍጥጣ አየችኝ። አልሰርዝም ብያለሁና አልሰረዝኳትም። ከጎኗ ግን «ድጋሚ ፈተና፤ ለመምህሩ» ብዬ ጻፍኩ። እስካሁን አልተፈተንኩም። እዚህ መሃል ኮንሶ ያደገ ሰው ካለ፣ ከንግግሩ በኋላ ቡና እጋብዛለሁ። ያስጠናኝ።

ሃያ ስምንተኛውን እንደዚያ አላደረግኩም፤ ተምሬያለሁ። የዓሊ ቢራ ነው። ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ትምህርት ቤታችን ሐረር ያደገ የኬሚስትሪ መምህር አለ። በምሳ ሰዓት ላብራቶሪ ውስጥ ቁጭ ብለን ስልኬን ከፈትኩ። «እየተረጎምክልኝ እንሰማለን» ተባብለናል። የመጀመሪያው ዘፈን ተጀመረ። ሰውዬው አብሮ ዘፈነ። ሁለተኛውንም አብሮ ዘፈነ። ሦስተኛው ላይ «ትርጉሙስ?» አልኩት። በእጁ «ቆይ» አለኝ። ደወሉ እስኪደወል አንድ ቃል አልተረጎመልኝም። ነጥቡ 9 ነው። አንዷ የቀነሰችው ትርጉሙን ስላልነገረኝ ነው፤ የእሱ ጥፋት ናት።

በፍጥነት ልሂድ፣ ሰዓት እየሄደ ነው። አምስተኛው፣ የትግርኛው፣ 8። ዓለማየሁ እሸቴ ሁለት አለው፤ 9 እና 7። አሥራ ሦስተኛው 8፤ የዋልያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ነው ያለው፤ ማንም ሰው ሲሰማው ትከሻው ይነቃል። አሥራ አምስተኛው አውሮፓውያንና የኛ ሙዚቀኞች አብረው የተጫወቱበት ነው፤ 5፤ ሁለቱም እየተከባበሩ ማንም ሳይናገር ያለቀ የሽማግሌዎች ስብሰባ መሰለኝ። ሃያኛው የቦስተኑ አይዘር ኦርኬስትራ በ2004 አዲስ አበባ መጥቶ የተጫወተው ነው፤ 7። ሃያ ሦስተኛው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፤ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን አንድ ላይ ያስቀመጠ ቡድን፤ 7። ሠላሳኛው ግርማ በየነ ከፈረንሳዮቹ አካሌ ውቤ ጋር በ2017 ያወጣው ነው፤ 8። ግርማ ከዋልያስ ጋር አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን የቀረ፣ ለዓመታት ነዳጅ ማደያ የሠራ ሰው ነው። እዚህ ዲስክ ላይ ድምፁ አርጅቷል። እርጅናውን አልደበቀውም። ወደድኩት።

ሁለት ሰው ላይ ግን ልቁም።

ጌታቸው መኩሪያ፣ አሥራ አራተኛው። 9። ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተ ሰው። ፈረንጆቹ ከፍሪ ጃዝ፣ ደንብ ከማያስረው ጃዝ፣ ጋር ያመሳስሉታል። እኔ የሚታየኝ አጎቴ ነው። አጎቴ ሠርግ ላይ ሲሸልል ከመጀመሩ በፊት ረጅም ትንፋሽ ይስባል፤ ሰው ሁሉ ዱላው ከሚደርስበት ፈቀቅ ይላል። ጌታቸው ሳክሱን ሲያነሳም ፈቀቅ ማለት ያሰኛል። በስተርጅናው ከሆላንድ ፓንክ ባንድ ጋር መጫወቱን ሳውቅ አልገረመኝም። የቀነስኩት አንድ ነጥብ የአጃቢዎቹ ነው፤ እሱ እየፎከረ እነሱ አንዳንድ ቦታ ላይ ያንቀላፋሉ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ ሃያ አንደኛው። 10። ፒያኖ ብቻ። አዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ የተማሩ፣ ከዚያ ግሸን ማርያም ገብተው ዓመታት የቆዩ፣ በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉ እናት ናቸው። ዲስኩን የከፈትኩት ማታ የተማሪ ወረቀት እያረምኩ ነበር፤ የሃምሳ አራት ልጅ ፈተና። እኔ ሙዚቃ ስሰማ እቆጥራለሁ። ልማድ ነው፤ አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት። እሳቸውን መቁጠር አቃተኝ። ምቱ ይመጣል ስል ይዘገያል። ቆመ ስል ይቀጥላል። የቀኝ እጃቸው የኛን ቅኝት ይዞ ይሄዳል፤ የግራው ደግሞ ሌላ አገር ነው ያለው። ሦስተኛው ወረቀት ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ነጋ ማለት ይቀለኛል። በማግስቱ ልጆቹ «ቲቸር፣ ውጤት?» ሲሉኝ «መብራት ጠፍቶ» አልኳቸው። መብራት አልጠፋም። ይኸው ተናዘዝኩ።

አንድ ቀረኝ። ሃያ ሰባተኛው፣ ተሰማ እሸቴ። ምኒልክ መኪና መንዳት እንዲማር ጀርመን የላኩት ሰው ነው። እዚያ ሳለ፣ ከ1908 ጀምሮ፣ ድምፁን በሸክላ ቀረጹት። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው! የኳስ ወዳጆች ካላችሁ፣ የይድነቃቸው ተሰማ አባት ነው። ዲስኩ ይንጫጫል፤ በቆሎ የሚጠበስ ይመስላል። ቃሉን ለመያዝ ትንፋሽ ውጦ ማዳመጥ ይፈልጋል። ለጥራቱ 3፣ ለታሪኩ 10፤ አማካዩ 6.5። ጻፍኩት። ከዚያ ሳየው ሳቄ መጣ። 6.5 ማን ነው? ዲስኩ 3 ነው፤ ደግሞ 10 ነው። 6.5 የሆነበት አንድም ደቂቃ የለም። ለተማሪዎቼ አማካይ ሳስተምር አሁን ይሄን ነው የምነግራቸው።

የሁሉም አማካይ፣ በገናውን ሳይጨምር፣ 7.7 ነው። የኔ ክፍል እንደዚህ አምጥቶ አያውቅም።

ሦስተኛው ነጥብ። ጠቡ። አጭር ነው።

ቁጠሩልኝ። ሠላሳ ዲስክ። ለጋሽ ማህሙድ አራት። ይገባቸዋል። ለሴቶችስ? ሙሉ ዲስክ የተሰጣቸው ሁለት ናቸው፤ አስናቀች ወርቁ ከክራሯ ጋር፣ እና እማሆይ። ሁለት! ብዙነሽ በቀለስ? የራሷ ዲስክ የላትም። ለአስናቀች 9 ሰጥቻታለሁ፤ ግጥሟ ስቆ ይናከሳል። ከአንድ የወንድ አራተኛ ዲስክ የብዙነሽን አንደኛ አልመርጥም ነበር? እመርጥ ነበር። እናንተስ?

ሌላም አለ። አብዛኛው ከ1969 እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ነው። የካሴት ዘመን የት ሄደ? ሮሃ ባንድ፣ አስቴር፣ ነዋይ፣ ኤፍሬም፤ የኔ እኩዮች ያደግንበት ዘመን ሁሉ? ፋልሴቶን አልወቅስም። ሰውዬው የወደደውን ነው የሰበሰበው፤ ለሰበሰበው ደግሞ አመሰግነዋለሁ። ጥፋቱ የኛ ነው። አንድ ሰው የመረጠውን ዝርዝር ተቀብለን «ይሄ ነው ወርቃማው ዘመን» አልን። ዝርዝሩን ሳንሰማ። ሰምተን ቢሆን ኖሮ የጎደለውን እናይ ነበር። ሒሳብ ላይ መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ የሚገለብጥ ተማሪ አለ አይደል? እንደዚያ ሆንን።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። በየወንበራችሁ ላይ ባዶ ወረቀት አስቀምጫለሁ። ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር ተጽፎበታል። የካሴት ዘመን አሥር ሥራዎችን ጻፉ፤ ከ10 ነጥብ ስጡ፤ ከጎኑ በአንድ መስመር ለምን እንደሆነ። «አንጋፋ ስለሆነ» የሚል ምክንያት ዜሮ ነው። በሚቀጥለው ወር ይዛችሁ ኑ፣ እንጣላ።

ጨርሻለሁ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ። ማይኩን ወደ ኋላ አሳልፉልኝ። እዚያ ጥግ ነጠላ የለበሱት እናት ቀድመው እጅ አውጥተዋል።

እማዬ፣ ነግሬሻለሁ እኮ። ለጣሳው ነው።